ሃያ ስድስቱ ምልክቶች

ለውጡ በመጣበት ሰሞን ውጫሌ በአንድ የመሬት መዝገብ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራውን ያስለመዱኝ የኮምፒውተር ባለሙያው ነበሩ፤ የሐይቅ ሰው፣ ረጋ ያሉ፣ ሰላታቸውን የማያስታጉሉ። ዋይፋዩን ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር አሮጌ በመሆኑ የመግቢያ ቁልፉ ልክ አሥራ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል መሆን ነበረበት።

«ይኸው ቁልፍ ሌላም አጻጻፍ አለው» አሉኝ አንድ ቀን። «ማሽኑ እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ምልክት ነው የሚይዘው፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉት ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ፊደሎች። አሥራ ሦስቱ ሃያ ስድስት ይሆናሉ። ቁልፉ ግን ያው ነው።»

የቁልፉን ቃል ለማንም አይናገሩም። የሁላችንንም ኮምፒውተር የሚያገናኙት ራሳቸው ነበሩ።

ጦርነቱ ሲቃረብ እናቴን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፌ ሸሸሁ። እሳቸው አልጋ የያዙ አባታቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። ስመለስ ቢሮው ባዶ ነው፤ ወንበር እንኳ አልቀረም። የከባድ መሣሪያ ጥይት ደጃቸው ላይ ወድቆ ባለሙያው መሞታቸውን የነገረኝ አንድ ባለባጃጅ ነው።

ለለቅሶ ሐይቅ ሄድኩ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝና ከጎተራው፣ ከማሽላው ሥር፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ራውተሩና የመዝገቡ ኮምፒውተር ነበሩ።

«እናንተ በወጣችሁ ማግስት በአህያ ጭኖ አመጣው» አሉኝ። «‹የሰው መሬት ነው እዚህ ውስጥ ያለው› አለኝ። አላህ ይርሀመው።»

አብሮ ቁጥሮች በረጅሙ የተደረደሩበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ነበር። «እኔ ይቺ የስልክ ቁጥር መስላኝ ነበር፣ ልጄ።»

ቆጠርኩት። ሃያ ስድስት ነው።

ቢሮው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሲላኩለት መዝገቡን ወደነሱ ለማሻገር ተቀመጥኩ። አንዱን በዋይፋዩ ከአሮጌው ጋር ለማገናኘት ወረቀቱን እያየሁ ቁልፉን ጻፍኩ፤ «ቁልፉ ትክክል አይደለም» አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው። የድሮውን ቁልፍ ከራውተሩ ሰርዤ በአዲስ መተካት እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በኋላ ያ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተሩ በፊደል የተጻፈ ቁልፍ ነበር የሚጠብቀው። ምርጫውን ወደ ሁለተኛው አጻጻፍ ቀየርኩትና ያንኑ ጻፍኩ። ገባ።

ያኔ ነው ምልክቶቹን ሁለት ሁለት እያደረግሁ የየፊደሉን ምልክት ከሚያሳይ ሠንጠረዥ ጋር ያስተያየሁት። መጀመሪያ ቢ ወጣ፣ ከዚያ ኢ፣ ከዚያ ዲ። አሥራ ሦስቱ ሲሞሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ በደህና ያግባን።

በማግሥቱ ሐይቅ ተመልሼ ለባለቤታቸው ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ጠዋት ጠዋት ከደጅ ሲወጣ የሚላት ናት» አሉ። «ለእናንተም ብሏታላ።»

እንዲህ ያለው የድሮ ቁልፍ በቀላሉ ይሰበራል፤ መቀየር ነበረብኝ። መዝገቡ ተሻግሮ እስኪያልቅ ግን ሳልነካው ቆየሁ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ ቤታቸው ከነመሬት ደብተራቸው የተቃጠለባቸው አንድ የአምባሰል ገበሬ ነበሩ። ማሳቸውን ከነወሰኑ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት፤ «አለ?» አሉኝ።

«አለ አባቴ» አልኳቸው።