ሰፈሩ በደቦ የነቀለው አንጊናራ

ዛሬ ጠዋት አንጊናራው አቆጠቆጠ! ገና ፊቴን ሳልታጠብ እናቴ ከአጥር ማዶ ጠራችኝና ሮጬ አየሁት፤ ከጭቃው መሀል አንዲት አመድማ ቅጠል ብቅ ብላለች። ቢቸና ውስጥ በአንዲት ቅጠል እንዲህ የምትፈነጥዝ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ምክንያቱን ስትሰሙ ግን እናንተም ትፈነጥዛላችሁ። ካልፈነጠዛችሁ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ።

የአንጊናራው ባለቤት ጎረቤታችን፣ ግሪኩ አባባ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአገራቸው መጥተው አዲስ አበባ የዱቄት ወፍጮ ሲጠግኑ ኖሩ፤ የቢቸና ልጅ አገቡ፤ ጡረታ ሲወጡም ወደ ሚስታቸው አገር ገቡ። ሚስታቸው ሲያርፉ አባባ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ጸሐይ ስትዞር ወንበሩን ማዞር ብቻ። ሰፈራችን መቼም ለሰው አሳቢ ነው፤ በቁማቸው ነፍስ ይማር ማለት ሲቀረው ሁሉን አደረገላቸው። ጎረቤቱ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ፣ አሁን እኚህ ሰው ምን ይሠራሉ፣ ለምን ወደ አገራቸው አይሄዱም ይባባላል፤ አማርኛ እንደማይሰሙ ሁሉ። እኔ ሳልወለድ፣ እናቴም ሳትወለድ አማርኛ የሚያወሩ ሰው ናቸው እኮ።

አንድ ቀን ታዲያ ከወንበራቸው ተነሡና ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ በቦዩ ዳር፣ ሰፈሩ በታላቅ ትጋት ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ መቆፈር ጀመሩ። ዕብደት ነው ተባለ። ሰላጣውና ቀይ ሥሩ ደርሶ በየቤቱ ሲታደል ግን ዕብደታቸው ወዲያው ለቀቃቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ችግኙን ይዞ ሊያማክራቸው ይመጣ ጀመር። ወንበሩም ቤት ገባ።

ከሁሉ የሚሳሱት ግን የወንድማቸው ልጅ ከግሪክ በላከላቸው ዘር ላበቀሉት አንጊናራ ነበር። ግሪኮችም እንደኛ ጾመኞች ናቸው፤ እናታቸው በጾም የአንጊናራውን እንቡጥ ቀቅላ በሎሚና በዘይት ታበላቸው ነበር። ለመጪው ሁዳዴ ሰፈሩን ሁሉ ሊያበሉ አስበዋል። ችግሩ መልኩ ነው። አንጊናራ ቁርጥ ኮሸሽላን ነው፤ ያ በየሜዳው የሚበቅለውን፣ ከብት እንኳ የሚሸሸውን እሾህ።

ክረምት ሲገባ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ሊያስገፍፉ ሞጣ ሄዱ፤ ደጋፊያቸው እኔ ነበርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ እስከ ግንደወይን ድረስ ፈረንጁ ምኔ እንደሆኑ ሲጠይቁኝ፣ አባባ ዘወር ብለው፣ «አያቷ ነኝ፤ መልኳ ወደ እናቷ አድልቶ ነው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር።

እኛ ሞጣ አክስቴ ቤት ሰንብተን ዓይናቸው እስኪሻል ስንጠብቅ፣ ሰፈራችን ደግነቱ ተነሣበት። የታመመ ሰው ማሳ በአረም አይዋጥም ተብሎ ደቦ ተጠራ። መሪው የቅኔ መምህሩ ጎረቤታችን፣ መሪጌታ ነበሩ። ኮሸሽላ ከአዳም ጀምሮ የምናውቀው ጠላት ነው ብለው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። እናቴ ጠላ አቀረበች። አንጊናራው አንድም ሳይቀር ከነሥሩ ተነቀለ፤ መሪጌታም ፍየል የሚገባበትን የገዛ አጥራቸውን ሽንቁር ወተፉበት።

ስንመለስ ደቦኛው ሁሉ ምስጋና ሊቀበል ተሰልፏል። አባባ ሞራው በተገፈፈ ዓይናቸው መጀመሪያ አጥርተው ያዩት ያንን ባዶ መሬት ነው። እጅ ነሡ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አሉ፤ ገብተው በሩን ዘጉ። ዓይናቸው አንብቶ ነበር። ሰፈሩ ምን አለ? በደስታ አለቀሱ አለ።

ከዚያ በኋላ በሩ ከእናቴ በቀር ለማንም አልከፈት አለ። እናቴ ምሳ ይዛ ስትገባ ዶማቸውን ሰጧት፤ ወደ ወንድማቸው ልጅ መሄዳቸው ነው። ስንት ዓመት ሂዱ ሲባሉ ያልሄዱት ሰው፣ ሰፈሩ ሲወዳቸው ሊሄዱ ተነሡ። እኔ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ የነቀሉት ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸው የተወተፈውን አጥራቸውን ዘወር ብለው አዩና፣ «ታዲያ ለምን ኮሸሽላ አስመስለው ተከሉት?» አሉኝ።

እንዲህ ይበሉ እንጂ፣ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ የአጥራቸውን ሽንቁር ለፍየል ክፍት ትተው፣ ጠውልጎ ሥሩ ብቻ የቀረውን ሁሉ ለቅመው ሁለተኛ ደቦ ጠሩ። እንደገና ተከሉት። ከዚያ የአባባን በር አንኳኩ። አባባ ወጥተው አዩ፤ አጎነበሱ፤ ፊታቸው ቀላ።

«መሪጌታ፣ ይኼ ተክል ነው ሬሳ? እስከ አንገቱ ቀበራችሁት እኮ።»

«እኛ የምናውቀው መቅበሩን ነው ጋሼ። ማስነሣቱን አንቱ ያውቁበታል።»

አባባ ወደ እናቴ ዞረው ዶማዬን አምጪ አሉ። ሊያጽናናቸው ያልቻለ ሰፈር በአተካከሉ አናድዶ ከቤት አወጣቸው። እስከ ማታ ድረስ እየተሳደቡ አንድ በአንድ አውጥተው ደግመው ተከሉ፤ መሪጌታ ውኃ አመላላሽ ሆኑ። ይጸድቃል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው አላውቅም አሉኝ። ካልጸደቀ እንደሚሄዱ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰፈሩ ቦዩን ሲሻገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ታሞ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

ዛሬ ቅጠሏ ከወጣች በኋላ የወንድማቸው ልጅ ደወለ። አባባ በግሪክኛ ብዙ አወሩ። ስልኩን ሲዘጉ ምን አሉት ብላቸው፣ «ሥራ አለብኝ አልኩት» አሉኝ።

እናንተንም ጥሩልኝ ብለውኛል። ወደ ቢቸና ብቅ ካላችሁ በገበያ ቀን ጠዋት በቦዩ ዳር ታገኟቸዋላችሁ። የጎመን ችግኝ ይሰጧችኋል፣ የዶማ አያያዛችሁን ይሰድቡላችኋል፤ ሁለቱም በነጻ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ አንጊናራው እንቡጥ ከያዘ የእናታቸውን ምግብ ትቀምሳላችሁ። ባዶ እጃችሁን ኑ። መርዳት የፈለገ ግን መጀመሪያ ይጠይቅ።