የማዳም ኢዳሊና ካፒሌ

ልጄ ሰሚራ ኤርፖርት ውስጥ የአውሮፕላን ምግብ የሚያሰናዳ ኪችን ነው የምትሠራው፤ ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስትመለስ አብራት የምትሠራ ፖርቱጋላዊት የሰጠቻትን ጠርሙስ ይዛ መጣችና፣ እዚሁ አሜሪካ ዩለስ ከተማ ባለችው አፓርታማችን ክዳኑን ከፈት ባደርገው የብርቱካን አበባ ሽታ ብድግ ብሎ ወጣ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ጠርሙሱ የመጣው ለታላቅ እህቴ ለዘይነብ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተችብን እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ አሁን መርሳት የሚሉት በሽታ ይዟት ፊቴን አታውቀውም፣ የራሷንም ስም ጥላዋለች፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ይባስ ብላ ውሃም ሻይም ሲቀርብላት ከንፈሯን መግጠም ጀመረች። ቤት ድረስ የምትመጣው ነርስ፣ በዚህ ከቀጠለች ሆስፒታል ገብታ በቱቦ ነው የሚሰጣት ብላን ሄደች። ሰሚራ ይህን በሥራ ቦታዋ ስታወራ፣ አባቴና አክስቴ ልጅ ሆነው ጎረቤታቸው ፖርቱጋሎች ነበሩ ብላ ብትጨምር፣ ሴትዮዋ ካፒሌ የሚባለውን ያገሯን ሽሮፕ ከቤቷ አምጥታ ሰጠቻት። «ሶ፣ ትራይ እናድርገው አባዬ፤ ምን ይጎዳል?» አለችኝ ሰሚራ።

እኔ ግን ያን ጊዜ በሐሳቤ ድሬዳዋ ነበርኩ። አባታችን ከወሎ ወርዶ የምድር ባቡር ዘበኛ ሆኖ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ካለ ግቢ የጓሮ ክፍል ተሰጥቶን እንኖር ነበር፤ የፊቱ ቤት የሙሴ አንቶኒዮ ነበር፤ ሙሴ አንቶኒዮ ፖርቱጋላዊ የባቡር መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ማዳም ኢዳሊና ትባላለች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሰፈሩ ሁሉ በመጠጣቸው ይስቅ ነበር። የሐረር ቡና ደጃቸው ድረስ በአህያ እየመጣ እነሱ ጠዋት ጠዋት ገብስ ቆልተው፣ አንጨርጭረው፣ እሱን አፍልተው በወተት ይጠጣሉ፤ አባቴ ሽታው በመጣ ቁጥር «ምን በድለው ይሆን?» ይል ነበር። ማታ እራት ሲበሉ ደግሞ ሙሴ ወይኑን ይጠጣና፣ በላዩ ላይ የሎሚ ልጣጭ ብቻ የተነከረበት ሙቅ ውሃ ፉት እያለ ሆዱን ያሻሻል።

አንድ ዓመት ለዒድ ማዳም ልታከብረን አሰበች። ከአገሯ በጅቡቲ በኩል በባቡር የሚመጣላት፣ ከሥሩ ቀያይ ፍሬ የተኛበት ጂንጃ የሚባል አረቄ ነበራት፤ ለባሏ እንኳ ጣት በምታህል ብርጭቆ ነው የምትሰፍርለት። ከዚያ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ሪባን አስራ አመጣችልን። ለአባቴ አረቄ ሐራም ነው፤ የሰው ፊት መመለስ ደግሞ ለእሱ ሌላ ሐራም ነበር፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ መረቃትና መስኮቱ ላይ አኖረው። እዚያው ተቀመጠ። ጉንዳኑ ወሬውን ሰምቶ ተሰልፎ መጣ፤ ማዳምም ባለፈች ባገደመች ቁጥር ጠርሙሱ ሳይጎድል ስታየው ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ዘይነብ እጇን ይዛ አባቴ ሲሰግድ አሳየቻት፣ ከዚያ ጠርሙሱን አሳየቻት፣ ራሷን ነቀነቀች። ማዳም ሁለት ጉንጯን ይዛ ቀላች። በማግስቱ ጠዋት ዘይነብን አስከትላ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ምንጭ ወረደች፤ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር አገዳ ያለው ቅጠል ለቅመው መጡና ከስኳርና ከጓሯችን ብርቱካን አበባ ጋር አፈሉት፤ ማዳም ካፒሌ የምትለው ይህን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ የድሬ ሙቀት ምላሳችንን ከላንቃችን አጣብቆ ሲውል፣ አዛን ሊል ሲል ያ ሽሮፕ በቀዝቃዛ ውሃ ተበርዞ፣ የሎሚ ልጣጭ ጣል ተደርጎበት ይጠብቀናል። ማሰሮው ለብቻው ነበር፤ አንገቱ ላይ ነጭ ክር አስራበታለች፣ አረቄ የነካ ዕቃ እንዳይቀላቀልበት። ሙሴ አንቶኒዮ ሊቀምስ ሲጠጋ በማንኪያ እጁን ትለዋለች። የመጀመሪያዋን ጉንጭ ስውጥ ቅዝቃዜው ደረቴ ውስጥ ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር፤ ከተምሩም ከሾርባውም በፊት እሱን ነበር ቀን ሙሉ የምመኘው።

ዘመን ሲለወጥ ማዳምና ባሏ በዚያው ባቡር ወዳገራቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዘይነብ ብቻዋን ምንጩ ወርዳ ትሠራልን ነበር፤ እኔ መጠጣት እንጂ ቅጠሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላሰብኩም። አባቴ ሞተ፣ እኛም ተበታትነን ኖረን ስናረጅ እዚህ በልጆቻችን በኩል ተገናኘን።

ሰሚራ ጠርሙሱን ያመጣች ቀን ሽሮፑን በረዝኩት፣ ሎሚውን ላጥኩበት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ቅመሽው» አልኳት። አሸተተችው። ከንፈሯ ተከፈተ፤ አንድ ጉንጭ ዋጠች፣ ደገመች። ሰሚራ በር ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ዘይነብ ዓይኗን ጨፍና ምላሷን አጣጣመችና፦

«ቅጠሉ የለበትም» አለች።

ለካ እውነቷን ነው፤ ሰሚራ ጠርሙሱን አንብባ፣ ስኳርና የአበባ ውሃ ብቻ ነው ያለው አለችኝ። ቅጠል የለበትም።  የትኛው ቅጠል እንደሆነ፣ እዚህ አገር ቢበቅል ፈልጌ እንደማመጣላት፣ እጇን ይዤ ለመንኳት። ጨዋ ሰው የማያውቀውን እንግዳ እንደሚያይ፣ በትሕትና አየችኝ።

«ለእርስዎ ምን ይጠቅምዎታል? ወንድሜ ሙሄ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለችኝ፤ ብርጭቆውንም ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ሙሄ እኔ ነኝ። ነገ ወደ ሆስፒታል ትገባለች። ያን ምንጭ ያየ፣ ያን ጣዕም «ይኼ ነው» «ይኼ አይደለም» የሚል ሌላ ሰው በዚች ምድር ላይ የለኝም፤ ቅጠሉን ባገኘው እንኳ ማን ቀምሶ ይመሰክርልኛል? እሷ በሩን በሩን እያየች ወንድሟን ትጠብቃለች። እኔም ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት እጠብቀዋለሁ።