ከመርከቧ ፊት ዞር በል

አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ትርፍ ሰዓቴን ሁሉ የበላው መርከብ ፎቶ ማንሳት ነበር። ከአንድ መርከበኛ በገዛሁት ካሜራ ያላነሳሁት ዓይነት የለም፤ ከማዶ ከየመን በሸራ የሚመጣውን ሳምቡክ፣ ስንዴ የሚያራግፈውን ግዙፍ የጭነት መርከብ፣ ነዳጅ ጫኙን፣ ዝገት የበላውን ጎታች ጀልባ ሳይቀር። አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ፎቶዬ ውስጥ ሰው አይገባም። ሰው ከገባ ዓይን ወደ ሰውየው ይሄዳል፣ መርከቧ ግድግዳ ሆና ትቀራለች እል ነበር። ይህን የምለው እንደ ሊቅ ደረቴን ነፍቼ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እዚያው ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወረወረውን ገመድ ተቀብሎ የሚያስር ሠራተኛ ነበር። እንግዲህ መርከብ ባለበት ሁሉ እሱ አለ። ካሜራዬን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ እየሮጠ መጥቶ ከፊቴ ይገተራል።

«ጋሼ፣ እኔንም አንድ አንሳኝ እንጂ!»

«ከመርከቧ ፊት ዞር በል! ፊልሜን ልታስጨርሰኝ ነው?»

«እሷ እኮ ነገ ትሄዳለች። አብሬህ የምቀረው እኔ ነኝ» ይልና እየሳቀ ዞር ይላል። በማግስቱ ደግሞ ያው ነው።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ እኔና ባለቤቴ በጭነት መኪና ተጭነን ወጣን። ቦታ ጠባብ ስለነበር ከልብሳችን ሌላ አንድ ካርቶን ብቻ ተፈቀደልን። ባለቤቴ የቤተሰቡን አልበም ይዛ ቆማለች፤ እኔ የመርከቦቼን ካርቶን አቅፌያለሁ። «አልበሙን ወንድምሽ ኋላ ይዞት ይመጣል» አልኳት። እሱም «አታስቢ እህቴ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ከእጇ ተቀበላት።

ላፍቶ ቤት ተከራየን። ያኔ የሰፈሩ ግማሽ ጤፍ ይዘራበት ነበር፤ ከመስኮታችን የሚታየው የጎረቤት በሬ ነው። እኔ ግን ግድግዳውን በመርከብ ሞላሁት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ መርከቦቼ ሳወራ ባለቤቴ «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ትለኝና ወደ ጓዳ ትገባለች። ወንድሟ በየዓመቱ አልበሙን ይዤ ለፋሲካ እመጣለሁ እያለ በሰው ይልክ ነበር። ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣና መንገዱ ተዘጋ።

አንድ ጠዋት የእድራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችንን አንኳኩ። ከኋላቸው ከአሰብ የወጣ አንድ የማናውቀው ሰው ቆሟል። ወንድሟ ታሞ እዚያው ሞቶ ነበር፤ ከተቀበረም ሰንብቷል።

ድንኳን ተተከለ። ሬሳ የሌለው ልቅሶ ከባድ ነው፤ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ፎቶውን እያየ ነው፣ እህት ደረቷን የምትመታው ፎቶውን ይዛ ነው። ሴቶቹ «ፎቶውን አምጡላት እንጂ!» ሲሉ እኔ ጓዳ ገብቼ ካርቶኑን ገለበጥኩት። ወለሉ መርከብ በመርከብ ሆነ። ተንበርክኬ አንድ በአንድ አየሁ። ለካ ጎበዝ ነበርኩ! አንድም ሰው አላመለጠኝም፤ ሁሉንም አባርሬያለሁ። በመጨረሻ ከአንድ የጭነት መርከብ አፍንጫ ሥር፣ ገመድ ላይ ያጎነበሰ ነጭ ሸሚዝ አገኘሁ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። እሱ መሆኑን ያወቅሁት በአቋቋሙ ነው።

ንፋስ ስልክ ወዳለ ፎቶ ቤት በረርኩ። ባለሙያው «ጋሼ፣ ሰውየው ብቻ ተቆርጦ ካደገ ምስሉ ይበተናል፤ ከነመርከቡ ላሳድገው» አለኝ። እንዳለው አደረገው።

ባለቤቴ ያንን መርከብ አቅፋ አለቀሰች። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ፎቶውን ያይና ግራ ይጋባል፤ እሷ በጣቷ ታሳየዋለች። ከሰፈሩ ነባር ገበሬዎች አንዷ የሆኑ አሮጊት ጎረቤታችን ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ፈለጉት።

«ፊቱስ፣ የኔ ልጅ?»

«ፊቱን አዙሯል፣ እማማ» አለቻቸው።

ቀና ብላ አላየችኝም። ብትሰድበኝ፣ በሰው ፊት ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተቀምጬ ፊቱን በልቤ ለመሳል ሞከርኩ፤ እኔም ቶሎ አልመጣልኝም። አፈርኩ። አንድ ጊዜ ባነሳው ምን ነበረበት?

አርባው ወጥቶ ዘመድ ከተበተነ በኋላ ግድግዳውን አራቆትኩት። ከዚያች ከአንዷ በቀር መርከቦቼን ሁሉ ወደ ካርቶናቸው መለስኩና ካሜራውን አወጣሁ። ባለቤቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ ከኋላዋ የጎረቤቶቻችን ማሳ ታጭዶ ክምር ቆሞበታል። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁና ፊቷ ላይ አነጣጠርኩ።

ፊልሙን ሳዞር ድምፁን ሰምታ ቀና አለች። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ክምሩን አየች። ከዚያ ሰፌዷን አንስታ ብድግ አለች።

«ቆይ፣ ዞር ልበልልህ» አለችኝ።