የጅዳው ሙሰጀልና የእናቴ ካሴት

በደርግ ጊዜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ሆሽ የሚሉትን አንድ ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተካፍለን ስንኖር፣ ዘፈን የምሰማበት የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ባሌ ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ የገዛልኝ አንዲት ትንሽ ቴፕ ነበረችኝ፤ ድምፅዋ ቀጭን ነው። ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ዚር የሚሉት የሸክላ ጋንም ነበረኝ፤ ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ አቁሟል። ቴፗን በገመድ አስሬ ወደ ዚሩ አወርዳታለሁ። ያን ጊዜ ድምፁ ጎርነን ብሎ ከታች ይወጣል፣ እኔም ልብስ እየሰፋሁ አዳምጣለሁ። የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

እንደጎደለኝ የነገረኝ ጎረቤታችን ነው። ጅዳ ሠርቶ ሲመለስ ትልቅ ሙሰጀል ይዞ መጣ፤ እዚያ ቴፕን እንዲያ ነው የምንለው። ሁለት ድምፅ ማጉያ አለው፣ እያንዳንዱ የማሽላ ጆንያ ያህላል። ሚስቱ አቧራ እንዳይነካው በጥልፍ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ዚሩ አጠገብ ባየኝ ቁጥር ይስቅብኛል።

«እትየ፣ ዘፋኙን ዛሬም ከጉድጓድ አላወጣሽውም?»

«አንተስ ያንተን መቼ ነው የምትድረው? እንደ ሙሽራ ሸፍነህ አስቀምጠኸዋል።»

በቀልድ ቢቀር ደግ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባሌ ድምፁን አለስልሶ፣ ጎረቤታችን ሌላ ሙሰጀል ሊያስመጣ እንደሆነ፣ ይኸኛውን በስፌት መኪናዬ ሊለውጠን እንደሚፈልግ ነገረኝ። መኪናዋን ሳላገባ በፊት በራሴ ላብ የገዛኋት ናት። የልጆቼ ጉርስም ልብስም ከሷ ነው የሚወጣ።

«ለዘፈን ብየ መኪናየን?»

«ለዘፈን ብቻ አይደለም። የእናትሽ ካሴት አለ አይደል? በዚች ቴፕ የእናትሽን ድምፅ እያባከንሽው ነው።»

ይህ ቃል የባሌ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ባሌ እንኳን የድምፅ፣ የወጥ ጨው መጉደሉን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ካሴቱን የላከችልኝ እህቴ ናት፣ በሰሊጥ ሠራተኛ ጓዝ ውስጥ አድርጋ። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ኬላ ላይ ሰው ያስይዝ ስለነበር፣ የኛ ሰው በካሴት መላላክ ለምዶ ነበር። መጀመሪያው ላይ የሠርግ ዘፈን ይሞሉበታል፤ ፈታሹ ከፍቶ ቢሰማ «ዘፈን ነው» ብሎ እንዲመልሰው። ወሬው ከኋላ ይመጣል። እናቴ በአገራችን የታወቀች ዘፈን አውጪ ስለነበረች፣ የኔ ካሴት ከወሬው ዘፈኑ ይበዛ ነበር።

ጎረቤታችንን ጠረጠርኩት። ለሰው የሚያሰማው ሁልጊዜ ራሱ የመረጠውን ካሴት ነው። ሚስቱም እኔ ስሰፋ እየመጣች መኪናዬን ልክ የቤቷ ዕቃ እንደሆነች ታያት ነበር። ስለዚህ ፍርድ ጠየቅሁ።

«ያንተን ካሴት አልሰማም። የኔን፣ ያንኑ አንዱን፣ በሁለቱም እንስማ። ባሌም ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ በዓይኑ እንዳይፈርድ።»

ግቢው ውስጥ ከሣሩ ዳስ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የኔ፣ ከዚሩ ውስጥ። እናቴ ስትዘፍን ባሌ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። የጎረቤታችን ሚስት ሳታስበው አጨበጨበች፣ ባሏ ሲያያት ተወችው። መኪናዬ ተረፈች አልኩ በልቤ።

ቀጥሎ የሱ። ከበሮው ደረቴን መታኝ። አልዋሽም፣ ያምራል። ነገር ግን በዘፈኑ መካከል ከዚያ በፊት ያልሰማሁት ነገር ጆሮዬ ገባ፤ ታፍኖ የተዋጠ ሳል። ከሥሩ ደግሞ የእህቴ ሹክሹክታ፤ «እማየ፣ ይብቃሽ፣ ትሰማብናለች።»

ከዘፈኑ ኋላ ያለው ወሬ «ሁላችንም ደኅና ነን» የሚል ነበር።

ጎረቤታችን ፊቱ በራ። «አላልኩሽም? ወላሂ፣ ያች ቴፕ ስትደብቅሽ ነው የኖረች!»

ባሌም «እንለውጠው» አለ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ።

«የደበቀችኝ ቴፗ አይደለችም፣ እህቴ ናት» አልኩ። ፍርድ ሲጣመም ዝም ማለት አልችልም። «ክርክራችን ስለ ሳል ነበር እንዴ? ዘፈን ለመስማት ትበቃለች አትበቃም ነው። አንተ ሰውየ፣ ትከሻህ የተነቀነቀው በየትኛው ነው?»

ባሌ ጭንቅላቱን አከከ። «በመጀመሪያው» አለ። መዋሸት አይችልም፣ ለዚህ ነው አብሬው የኖርኩት።

መኪናዋ ቀረችልኝ። በሷው ለእናቴ ጥጥ የተሞላ ሰደርያ ሰፋሁ፤ የሳል መድኃኒት ጨምሬ አጨዳ ጨርሶ ወደ አገሩ ለሚገባ ሰው ሰጠሁት። ለእህቴም የሚገባትን በካሴት ነገርኳት፣ ለፈታሹ ብዬ በዚህ በማይረባ ድምፄ የሠርግ ዘፈን ካስቀደምኩ በኋላ። ለጎረቤታችን ማጉያዎችም አዲስ ልብስ ሰፋሁላቸው። በነፃ ሰማች እንዲለኝ አልፈለግሁም።

መልሱ ሲመጣ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደሱ ቤት ነው። ጆሮዬን ማጉያው ላይ ለጥፌ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሳል የለም። ሹክሹክታ የለም። እናቴ ትዘፍናለች፤ በየመካከሉ ግን ቀጭ የሚል ነገር አለ፣ ቁልፍ ተጭነው ሲያቆሙና ሲያስነሡ እንደሚሰማው።

«አየሽ እትየ፣ ድናለች» አለኝ ጎረቤታችን።

ወይ እናቴ ድናለች፣ ወይ እህቴ ሳሉን ከካሴት ማጥፋት ተምራለች። ካሴቱን አውጥቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቴፗን ወደ ዚሩ አውርጄ ስፌቴን ሳብ አደረግሁ፤ እናቴም ከታች መዝፈን ጀመረች።