በቀቀኑ ደረቱን የነጨበት ክረምት

መጀመሪያ ላባ ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሽቦ ቤቱ ሥር አረንጓዴ ላባ ስጠርግ «ክረምት ነው፣ እያረገፈ ነው» እላለሁ ለራሴ። አንድ ጠዋት ግን ሽቦ ቤቱን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጥ ሳደርግ የደረቱ ሥጋ ታየኝ፤ ቀይ፣ እርጥብ። ምንቃሩም ደም ነክቶታል። «በስመ አብ! እማዬ፣ ወፉ ራሱን እየበላ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ከማድ ቤት መጣች። መጀመሪያ ያየችው ወፉን ሳይሆን የውጭውን በር ነው። «ዝም በይ፣ ምን ያስጮህሻል? ሰው ይስማሽ?» አለችኝና ጨርቁን መልሳ አለበሰችው። ደሜ ፈላ። እኔ ደም አሳያታለሁ፣ እሷ ስለ ጎረቤት ጆሮ ትጨነቃለች።

ነገሩ ከአባቴ ይጀምራል። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ የጨረሰ። ደባርቅ ገበያ ቆሞ ሲጣራ ዳባት ይሰማል እያሉ የሚያሾፉበት ድምፀ ትልቅ ሰው ነው። በቀቀኑን መተማ እህል ሊጭን ወርዶ አንድ የቆላ ወዳጁ ሰጠው። «ረዳቴ ነው» እያለ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦት ይዞር ነበር። ወፉም እውነትም ረዳት ሆነ፤ ማርሽ ሲቀየር የሚያጓራውን ሞተር፣ የአባቴን ሳቅ፣ ከሁሉም ከሁሉም ጠዋት እኛን የሚቀሰቅስበትን «ተነሱ! ነጋ እኮ!» የሚለውን ጩኸት ምንም ሳያጎድል ቀዳው።

ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ከመኪናው ሲወርድ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ጎንደር ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ይቀመጣል፣ ሰው ይለያል፤ አንደበቱ ግን ተሳስሯል። «እ... እ...» ብቻ። ያ ሁሉ ድምፅ ወፉ ውስጥ ብቻ ቀረ። በቀቀኑ «ተነሱ! ነጋ እኮ!» ባለ ቁጥር የአባቴ ፊት ይበራል፣ እናቴ ጀርባዋን ታዞራለች፣ እኔ ደግሞ እንባዬን እንዳያዩብኝ ሥራ ረፈደብኝ ብዬ እወጣለሁ።

ሐኪሙ የጭንቅላት የደም ሥር ነው ብሏት ነበር። እናቴ ግን የራሷ ሐኪም ናት። «የሰው ዓይን ነው የበላቸው» አለች። «ያን ድምፅ ሰምቶ ያልቀና ማን አለ?» ስለዚህ አባቴን ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ጓዳ አስገባችው። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝተዋል» ትላለች። ስንት ጠያቂ መጥቶ ስንት ጊዜ ተኛ መሰላችሁ! ወፉንም ከነቤቱ አብራ አስገባችው፤ እንግዳ ሲመጣ ድምፅ እንዳያሰማ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ላባው መርገፍ ሲጀምር ደግሞ «አየሽ፣ እሱንም አገኙት» ብላ ከመብል ሰዓት በቀር ጨርቁን ማንሣቱን ተወችው።

አባቴ ጉርሻ የሚቀበለው ወፉ ሲበላ እያየ ነበር። ወፉ እህሉን ከተወ እሱም አፉን ይገጥማል፤ ለምኑት፣ ተቆጡት፣ አይከፍተውም። በቀቀኑ ከሞተ አባቴም እንደሚከተለው እናቴም እኔም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም ግን ከአፋችን አላወጣነውም። ወፉን ማዳን ነበረብን። ከድመት ቢሆን በር ይዘጋል። ከገዛ ምንቃሩ እንዴት አድርገው ያድኑታል?

እናቴ ሬት አመጣች። እኔን ጡት ያስጣለችኝ በሬት ነው። «አንቺን የመሰለች ግትር ያስጣለ፣ ወፍ ያቅተዋል?» ብላ ላባውን ቀባችው። ወፉ አንዴ ቀመሰው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ምንቃሩን ሽቦው ላይ ጠረገ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መንጨቱን ቀጠለ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዛ መጥታ ረጨችው። የመተማን ወፍ፣ በደባርቅ ብርድ! ተንቀጥቅጦ ሊሞትብን ሲል ጉያዬ ውስጥ ከትቼ እሳት ዳር አሞቅኩት። ከእናቴ ጋር ያን ቀን ተኮራርፈን ዋልን። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ የማጥበው እኔ ነኝ፤ እሱም እጄን እየነከሰ ያመሰግነኛል።

ምንቃሩ ደረቱ ላይ እንዳይደርስ አንገቱ ላይ አንድ ነገር ማጥለቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ከቀበሌ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምኜ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ከሥራ እስክመለስ ዱቄት አድርጎት ጠበቀኝ። ሲቸግረኝ ከሣጥን ውስጥ የአባቴን ራጅ አወጣሁ፣ ሆስፒታል ያነሡትን የደረቱን። እናቴ መቀሱን ስታይ አማተበች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን ጎድን ልትቆርጪ ነው?»

«ጎድኑ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ነው እማዬ። ይሄ ላስቲክ ነው።» ቆረጥኩት፣ አንገቱን እንዳይቆርጠው ዳሩን በጨርቅ ከፈፍኩት። አባቴ በግራ እጁ ወፉን ያዘልኝ፤ እኔ ብይዘው ጣት አይተርፈኝም። በቀቀኑ የአባቴን የጎድን አጥንት አንገትጌ አድርጎ ሲንጎራደድ አባቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፣ ትከሻው ብቻ ነው የተንቀጠቀጠው፤ ግን ሳቅ ነው።

ቁስሉ ደረቀ። እፎይ አልኩ። አንገትጌውን ባወለቅኩለት ዕለት ግን ያንኑ ቦታ መልሶ ቦጨቀው። መናገሩንም ተወ። አንገትጌውን መልሼ አጠለቅኩለትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ንዴትም ነበረበት፣ ፍርሃትም ነበረበት። ዕድሜ ልኩን ራጅ አጥልቆ አይኖር ነገር።

በዚህ መሐል የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። ካድሬዎቹ ኋላ ቀርነት ነው ቢሉም ማኅበርተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሰብሰቡን አልተወም። ቤቱ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ረፋድ ላይ በረዶ ወረደ፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆይቶ የጓዳው ጣሪያ ለቀቀ። ውሃው በቀጥታ የአባቴ አልጋ ላይ!

«ወይኔ፣ ምን ይዋጠኝ!» አለች እናቴ። ሌላ ክፍል የለንም። ወይ አባቴ ይበሰብሳል፣ ወይ ሰው ያየዋል። «ጎረቤት እናስቀምጣቸው?»

«በዚህ ዶፍ? በቃ፣ ሳሎን ይቀመጣል!» አልኩና መልሷን ሳልጠብቅ አባቴን ደግፌ አወጣሁት። ወፉንም አጠገቡ አደረግኩት። እናቴ በመጨረሻ የቀራትን ክብር ልታድን ነው መሰል «እንግዳ ፊት ራጅ አጥልቆ? አታዋርጂኝ!» ብላ አንገትጌውን ራሷ አወለቀችው። በሰው ፊት ራሱን ሲበላ ታየኝ።

እንግዶቹ አባቴን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ። ቀድመው የተራመዱት የንስሐ አባታችን ናቸው። «አንተ ሰው! እኛ በየቅዳሴው እያሰብንህ አንተ እዚህ ወፍ ታጫውታለህ?» ብለው መስቀል አሳልመውት አጠገቡ ተቀመጡ። ሳቅ ሆነ። ያልሳቀች እናቴ ብቻ ናት፤ የያንዳንዱን ሰው ዓይን ስትከታተል የያዘችውን ዳቦ ልትጥል ምንም አልቀራት።

እኔ የምከታተለው ምንቃሩን ነው። ወፉ መጀመሪያ ጥጉ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ አንገቱን አወጣ፣ ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። ምንቃሩን ወደ ደረቱ ሲያወርድ «ጀመረ!» አልኩ በሆዴ። አባቴም አይቶት ኖሯል። ጎንበስ አለና በግራ እጁ ከእግሩ ሥር አንድ ቄጠማ አንሥቶ በሽቦው መሐል አሾለከለት። ወፉ ደረቱን ትቶ ቄጠማውን ያዘ። ሰነጠቀው፣ በጣጠሰው፣ ጣለው፤ ሌላ ፈለገ። አባቴ ሌላ ሰጠው። ማኅበሩ እስኪበተን ወፉ ቄጠማ ሲዘለዝል ዋለ፣ ሰዉም «እስቲ እኔም ልስጠው» እያለ ሲሻማ ዋለ። ደረቱን አልነካም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ከሽቦው ሥር የጠረግኩት ሣር ብቻ ነበር። እሰይ፣ እሰይ እያልኩ ጠረግኩት።

ያን ቀን ገባኝ። በመንገድና በሰው ጫጫታ ያደገ ፍጡር ጨርቅ ሲያለብሱት ምንቃሩን ምን ላይ ያሳርፈው? አጠገቡ ያገኘው ራሱን ብቻ ነው።

እናቴ ግን ቶሎ የምትረታ ሴት አይደለችም። ጣሪያው በሬንጅ እንደተደፈነ «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ቦታችሁ» አለች።

«ወፉ አይገባም እማዬ።»

«እሺ፣ ወፉ ይቅር። አባትሽ ይገባሉ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ የሽቦ ቤቱን በግራ እጁ ጨብጦ ያዘ። ብታዩት ሊማሊሞ ላይ መሪ የያዘ ነው የሚመስለው። እናቴ ጣቶቹን አየች፣ ወፉን አየች፣ እኔን አየች። «ዓይን የበላቸው እንደሆነ በአንቺ ነው!» ብላኝ ወደ ማድ ቤት ገባች። እሺ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ከመንገዱ ፊት ለፊት፣ በሩ አጠገብ ሆኑ። ወፉን ሥራ አላሳጣነውም፤ ሣር እንሰጠዋለን፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እንሰጠዋለን። እኔም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩና የተበላሸ ወረቀት ይዤለት እገባለሁ። የመንግሥትን መፈክር እንዲያ ሲዘለዝለው ማንም ልብ አላለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ደረቱ ላይ መጀመሪያ ብናኝ የመሰለ ግራጫ ነገር በቀለ፣ ከዚያ አረንጓዴው ወጣ። አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ ራሰ በራ ሆና ቀረች። ድምፁም ተመለሰ፤ በደጃችን የሚያልፉትን የቀበሌ ሊቀ መንበር «ተነሱ! ነጋ እኮ!» ብሎ ያስደነገጣቸው ዕለት እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። አባቴም ደህና አድርጎ መብላት ጀመረ። እኔ በዚህ ብቻ ጠግቤ ነበር፤ ሌላ አልጠየቅኩም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ደጃፉን ትጠርጋለች፣ ወፉ ወረቀቱን ይዘለዝላል፣ እኔ ጫማዬን አስራለሁ። ጎረቤታችን እንስራ አዝላ ስታልፍ እንደ ልማዷ ሳትቆም «እንዴት አደሩ?» አለችው አባቴን። መልስ የሚጠብቅ የለም፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሷ ታልፋለች።

«እግ...» አለ አባቴ።

እናቴም እኔም ዞርን። ከንፈሩ ተጣመመ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «እግዜር... ይመስገን።»

የድሮው ድምፅ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ሻካራ ነው። ግን ከራሱ አፍ ነው የወጣው። ጎረቤታችን አልሰማችም፣ ጥጉን ልትዞር ነው። እናቴ መጥረጊያውን ጣለች። ነጠላዋ ባንድ ትከሻዋ ተንጠልጥሎ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት አውራ መንገድ ላይ እየሮጠች ጮኸች፦

«አንቺ! ኧረ ተመለሺ! ሰውም ጥሪ! ነይና እንደገና እንዴት አደሩ በያቸው!»