አባቴ የገመቷቸው ጣቶች

የቀበሌው መልእክት አጭር ነበር፤ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ሁሉ ለማጣራት ወረዳ ድረስ በአካል ይቅረቡ። ቀጥታ ድጋፍ ማለት ከሴፍቲኔት ሰዎች ጋር ወጥቶ እርከን መሥራትና መንገድ መጥረግ ለማይችል ሰው፣ ያለ ሥራ የሚሰጥ እርዳታ ነው። አባቴ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ከጠፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካልቀረቡ ስማቸው ይሰረዛል። ስማቸው ከተሰረዘ ደግሞ አዲሱ ገብስ እስኪደርስ ባሉት ክፉ ወራት የምንበላው አልነበረንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ እየጠበቅሁ እቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር።

አባቴ ወረዳ የሚሄዱት ለንግሥ እንደሚሄዱ ሆነው ነው። ጺማቸውን ላጨኋቸው። በርኖሳቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ ብናኙን አራግፈው ለበሱ። ቢሮ ያሉት ሰዎች ልብስ አይተው ይፈርዳሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ «አሮጌውን ጋቢ ቢለብሱ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ከጓሳ ጥግ ካለው ቀያችን እስከ ከተማው ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። በአንድ እጃቸው ዱላቸውን፣ በሌላው ክርኔን ይዘው ነው የሚሄዱት፤ የሰው ኮቴ ሲሰሙ ግን ይለቁኛል። ሰውየው ሰላምታ ሰጥቶ ካለፈ በኋላ ቀስ ብለው መልሰው ይይዙኛል። አባቴ «አላይም» ብለው አያውቁም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ትንሽ ይጨልምብኛል» ነው።

ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው እሳቸውን አልፎ እኔን አየኝ።

«እሳቸውን እዚያ አስቀምጫቸውና የሐኪም ወረቀታቸውን አምጪ።»

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። አጠገባቸው አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ጎልማሳ ክራንቹን አቅፎ ተቀምጧል፤ ሰላምታ ሰጣቸው።

«አንተ ሰው፣ አንተ ደግሞ ለምን መጣህ?» አሉት አባቴ።

«እግሬ በቅሎ እንደሆነ ሊያዩልኝ ነዋ! አምናም አይተውት ነበር። አልበቀለም።»

መተላለፊያው በሙሉ ሳቀ።

«እርስዎስ አባቴ?»

«እኔ ልጄን አጅቤ ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ተራችን ደርሶ ገባን። ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት፤ ፊት ለፊቷ የተከመረው ፋይል እስከ አገጯ ይደርሳል። ተረኞች ቶሎ ቶሎ እንዲገቡ በሩን ክፍት ትታዋለች። የሐኪሙ ወረቀት የቆየ ስለሆነ ዘንድሮ በዓይናችን አይተን ነው የምንወስነው አለችኝ። ከዚያ ጥያቄውን ጀመረች።

«ስንት ዓመታቸው ነው? ብቻቸውን ይበላሉ? ሽንት ቤት ማን ይወስዳቸዋል?»

ሁሉንም መለስኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ ስለ እሳቸው እዚያ እንደሌለ ሰው አወራሁ። «እሳቸውን ጠይቂያቸው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እሷ ስትጠይቅ እኔ ስመልስ፣ በርኖሳቸውን በጣቶቻቸው ሲጨብጡትና ሲለቁት አይ ነበር።

ድንገት ጆሯቸው የማይሰማ ይመስል ጮኸችባቸው። «አባባ! ይሄ ስንት ነው?» ጣቶቿን ወደ ፊታቸው ዘረጋች።

አባቴ ቀና አሉ። «ሦስት ነዋ!»

ሦስት ነበር።

«ያያሉ እንዴ!» አለ አንድ ሰው ከበሩ። የባለሙያዋ ፊት ጠቆረ። ከፊት ለፊቷ ሆኜ ጽሑፏን በግልባጩ አነበብኩት፤ «በከፊል ያያሉ፣ ወደ ሥራ ይዛወሩ» ይላል። አባቴ እንቆቅልሽ እንደፈታ ሰው ፈገግ ብለዋል።

እኔ አውቃለሁ። አባቴ ቁጥር ከተጠየቁ ሦስት ነው የሚሉት። የበግ ግልገል ይሁን፣ ዝናብ የሚጥልበት ቀን ይሁን፣ ያላወቁትን ሁሉ በሥላሴ ስም ሦስት ብለው ይገምታሉ። ቢስቱም አያፍሩም፤ ሥላሴን ጠርተዋላ! አሁን ግን ያ ሦስት እርከን ላይ ድንጋይ ሊያሸክማቸው ነው። ካልወጡም ከመዝገቡ ሊያስወጣቸው።

አራት ዓመት ስማር ክፍል ውስጥ እጄን አንድ ቀን አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ብዕሯ ወደ ፊርማው ቦታ ሲወርድ አየሁና፣ «እህቴ፣ ገመቱ እንጂ አላዩም» አልኩ።

«ምን?»

«ሁልጊዜ ሦስት ነው የሚሉት።»

«ሎተሪ ነው እንዴ? መንግሥትን ማታለል እንደሚያስጠይቅ ታውቂያለሽ? ተምረሻል አይደል?»

«ሽማግሌ ከሥላሴ ሌላ ምን ሊቆጥር ኖሯል!» አለ ባለክራንቹ ከበሩ። ተረኞቹ እንደገና ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። እጇን መልሳ አነሣች። «አባባ፣ ይሄስ?»

የአባቴ ፈገግታ ጠፋ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው።

«ይመልሱ እንጂ!»

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። «አባዬ፣ እርከን ላይ ሊያወጡዎት ነው። እውነቱን ይንገሯት።»

«የቱን እውነት?»

«ያውቁታል።»

በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ከዚያ በቀስታ፣ «አላይም» አሉ።

«አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉ።»

«አላይም! ምንም አላይም። ይህችን ልጅ ተመርቃ ስትመጣ አላየኋትም።»

ባለሙያዋ የጻፈችውን ሰርዛ ሌላ ጻፈች። አቀርቅራ ነበር፤ አፍራም ይሁን ቸኩላ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ የአባቴን አውራ ጣት ያለ አንድ ቃል ያዘችና ቀለሙ ላይ ጫነችው። ደነገጡ።

«ምንድን ነው?»

«መፈረም ይችላሉ እኮ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረዋል» አልኩ። ጣታቸው ግን ወረቀቱ ላይ ታትሟል። ሁለተኛው ንግግሬ ዘግይቶ ደረሰ።

«ጨርሰናል። በድጋፉ ይቀጥላሉ» አለች፣ አሁንም ለእኔ።

ወጣን። ባለክራንቹ ለአባቴ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ቀልድ አልጨመረም። ከከተማው እስክንወጣ አባቴ ክርኔን አልያዙም። በዱላቸው እየዳበሱ ከኋላዬ መጡ፤ እኔም ዞሬ ለማየት ፈራሁ። የፈለግነውን አግኝተን እየተመለስን ነው፤ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያልወጣውን ቃል ሰው ፊት ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ።

መንገዳችን የሚያቋርጠው ወንዝ ዘንድ ስንደርስ ቆሙ።

«ስናገር በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«ተዘግቶ ነበር» አልኩ።

በዚያ በር የገባውን ሳቅ እሳቸው ከእኔ ይልቅ አጥርተው ሰምተውታል። «ደግ ነው» አሉና፣ ድንጋይ ለድንጋይ እንዳሻግራቸው እጃቸውን ሰጡኝ።