መርዶ ሳይነገረን የተጓዝነው መንገድ

የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ የኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እናቴና እኔ ከወጀት ተነሥተን ወደ ቡሬ መንገድ ጀመርን። ታላቅ ወንድሜ በዚያ ሰዓት ሞቶ ነበር። እኛ አላወቅንም።

ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው ናት። ስሟ የተለወጠው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ወንድሜን ከገበያ መሐል የወሰዱት ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ ለአርበኞች እህል ያቀብላል ተብሎ። ያቀብል እንደነበረ አውቃለሁ። እጁ ታስሮ ወደ ቡሬ ምሽግ ሲነዳ ገበያ የዋሉ ሰዎች አይተውታል። ከዚያ ወዲያ አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም።

እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇን በዓይኗ ማየት። ራሷ ፈትላ ያሸመነችውን ጋቢ ጠቅልላ ያዘች። «የምሽግ ብርድ ክፉ ነው» ትላለች፣ ምሽግ ውስጥ ገብታ ሳታውቅ። አባቴ ከጦርነቱ በፊት ስለ ሞተ ከእሷ ጋር የምሄደው እኔ ነበርሁ። ባንዳዎቹ ጎልማሳ ወንድ መንገድ ላይ ሲያገኙ ያስቆማሉ፤ ደበሎ የለበሰ የቤተ ክርስቲያን ተማሪን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፉታል። እኔ ዲያቆን ነበርሁ፤ ቅኔ ቤት ከርሜ ከተመለስሁ ዓመት አልሞላኝም። ስለዚህ ደበሎዬን እንደገና አጠለቅሁ።

መንገድ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። እኛ ተማሪዎች ከደብር ደብር በእግራችን ስንዞር ያደግን ነን። መንገድ ሰውን ይሠራዋል፣ ሸክሙንም ያቀልለታል ብለን እናምን ነበር። እስከዚያ ጉዞ ድረስ እኔም ይህን አምን ነበር።

የላህን ወንዝ ተሻግረን ወደ ማንኩሳ ስንወጣ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን።

«አንተ ልጅ፣ አካሄድህ እንዲህ ከሆነ ፋሲካ እመንገድ ላይ ያገኘናል» አለችኝ።

«ደበሎው ከብዶኝ ነው።»

«የበግ ቆዳ ነው የከበደህ? በጉ ራሱ ለብሶት ይሮጥ የለም ወይ?»

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ከማንኩሳ ወዲያ የአገር ሰዎች ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሲፈልጡ አየን። ቀና ብለው እንዴት ዋላችሁ አሉን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን አለፍን። ሊመሽ ሲል ቡሬ ደረስን።

ቡሬ ላይ የምናውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ይዞ ወጀት ገበያ የሚመጣ፣ ዕድሜው ከእናቴ የሚበልጥ እስላም ነጋዴ። ወንድሜ ወዳጁ ነበር። ከበሩ ላይ ሲያየን ሰላምታው ከመሐል ተቋረጠ። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመረና የልጁን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀን። ሚስቱ እናቴን አቅፋ ሳመቻት፤ ወደ ጓዳ ገባችና ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች።

«ጭሱ ነው፣ እትየ» አለች።

ምድጃው ላይ እሳት አልነበረም። ያን ጊዜ አይቼዋለሁ።

እናቴ እስላም ቤት እንደማትበላ ስለሚያውቁ ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው በሷው ዕቃ ሽሮ አሠሩልን። በማግስቱ ደግሞ ገና ፀሐይ ሳትጠና ገበታ ቀረበ።

«ጾም ነው፤ ሰዓቱ አልደረሰም» አልሁ።

«የናንተን ጾም አላውቀውም፣ ልጄ። ባዶ ሆድ ግን አውቃለሁ» አለ ነጋዴው። «መንገደኛ ናችሁ። ብሉ።»

እናቴ ሳቀች። «ዛሬስ ቄሱ እሳቸው ናቸው። አንተ ዲያቆን ነህና ዝም በል» አለችኝ። ከመጠን በላይ አጎረሱን። እኔ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ደግነትም ነበር።

በአገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለ። የሞት ወሬ ለራበው ሰው አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ በሰው ቤትም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ሟች ከወጣበት ደጅ ላይ ይቆማል፤ በዕድሜ የበሰለ የቅርብ ሰው ቃሉን ያወጣዋል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ እንደማያውቅ ይሆናል። ይህን የሚያፈርስ ሰው ክፉ ይባላል። ነጋዴው የወንድሜን መሞት ከኛ መምጣት ቀደም ብሎ ሰምቶ ወደ ወጀት ሽማግሌዎች መልእክተኛ ሊሰድ ሲል ነው እኛ የደረስነው። ይህን በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

«እትየ፣ ምሽጉን ይተዉት» አላት ስንነሣ። «አገርዎ ሰው አለዎት። ሰው ካለበት ይሁኑ።»

«ልጄስ ሰው አይደለም ወይ?» አለች እናቴ።

እኛ የመሰለን ጣሊያንን ፈርቶ ነው።

ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ስንቅ የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። በረኛው የጣሊያን ልብስ የለበሰ የአገር ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆን ገባ፤ ቆይቶ ወጣ።

«እዚህ የለም።»

«የት አለ?»

መሬት መሬት ያያል። «አዛውረውታል።»

«ወዴት፣ የኔ ጌታ?»

«ዳንግላ።»

ከአጠገባችን የቆመች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እናቴ ግን በረኛውን መረቀችው። «እናትህ ትኑርልህ» አለችው። አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ወደ ቤቱ ተመልሰን ስንነግረው ነጋዴው ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«ዳንግላ ማን አለዎት?»

«ልጄ አለኛ።»

«እኔ ሄጄ ወሬውን ላምጣልዎት። እርስዎ ይመለሱ።»

«ወሬ አልፈልግም። የምፈልገው ልጄን ነው።»

ሊያስቀራት የሚችልበት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ሊያወጣው አልቻለም። ወደ ጓሮ ጠራኝ። ትከሻዬን ይዞ ቆመ።

«አንተ ዲያቆን ነህ» አለ።

«አዎ» አልሁ። ጠበቅሁ።

«እናትህን ቀስ አድርገህ ውሰዳት» አለና ወደ ቤት ገባ።

ከቡሬ ወዲያ አገሩ ከፍ እያለ፣ ብርዱ እየጠና ይሄዳል። በቲሊሊ በኩል ወደ አገው ምድር ገባን። ቋንቋውን አናውቅም፤ እንግዳ መሆናችን ግን ይታወቃል፤ ያደርንበት ቤት ሁሉ ከእሳቱ አጠገብ ያስቀምጡን ነበር። የእናቴ ተረከዝ ተሰነጠቀ። አንዲት የኮሶበር ሴት የኑግ ዘይት አሙቃ ቀባቻትና በምልክት እንድትተኛ አሳየቻት። በማግስቱ ጧት እናቴ ከሁላችን ቀድማ ውጭ ቆማ አገኘኋት።

«እማየ፣ ዛሬ ብናርፍስ?»

«እሱ ታስሮ እኔ ልረፍ?»

መጀመሪያ መጀመሪያ ስለ ወንድሜ ታወራ ነበር፤ ወተት አይወድም፣ ሲተኛ እግሩን አይሸፍንም፣ የመሳሰለውን። ከኮሶበር ወዲያ ዝም አለች። ያን ጊዜ እኔ የቤቶቹን ደጃፍ ማየት ጀመርሁ። ሌላ የሚታይ አልነበረም። ደጅ ይመጣል፤ የከብት በረት፣ ጭስ፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት። ይህ ያልፍና ሌላ ደጅ ይመጣል፤ እንደዚያው ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሲኖር የእሱ ቤት ከሌላው የተለየ ይመስለዋል፤ በጎረቤት የደረሰው በእሱ የማይደርስ፣ ምሰሶው በሆነ ነገር የታሰረ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ሳየው ግን የእኛን ደጅ ከእነዚህ የሚለየው አንድም ነገር አጣሁ። የመጣ ወታደር ከፈለገው ቤት ይገባል። ከሚቀጥለው ደጅ የቆመው ሰው እንዴት ዋላችሁ ይላል፤ መንገደኛውም ያልፋል።

ይህን ካየሁ በኋላ በማንም ቤት፣ በራሴም ቤት ቢሆን፣ እንደ ባለቤት ተቀምጬ አላውቅም። በሰርግም በክርስትናም ከሰው ጋር ስበላ፣ ከውጭ ያለ መንገደኛ እንደሚያየን አድርጌ አየናለሁ። ጥሩ ልማድ ነው አልልም። አልተወኝም እንጂ። እናቴ እግሯ እየደማ ደኅና ነዎት ወይ ለሚላት ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ትል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደኅና ነኝ የሚል መልስ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። መንገድ ሸክም ያቀልላል የሚለውንም እዚያው ተውሁት።

ዳንግላ ስንደርስ ምሽጉ በር ላይ ያገኘነው አስተርጓሚ የእኛ አገር ሰው አልነበረም። ወሬውን እንዳለ ነገረን።

«ከቡሬ የመጣ እስረኛ የለም። ማን ነው የላካችሁ?»

«በረኛው» አልሁ።

«ዋሽቷችኋል።»

«ለምን ይዋሸኛል?» አለች እናቴ። «ምን አድርጌው?»

አስተርጓሚው ትከሻውን ሰብቆ ገባ። እናቴ ከአጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጋቢውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ስሙን አሳስቶ ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «ተመልሰን እንጠይቀው።»

በሄድንበት መንገድ ተመለስን። አሁን ከፊት የምሄደው እኔ ነበርሁ። ቡሬ ስንደርስ በረኛው ተለውጦ ሌላ ቆሟል፤ እሱ ምንም አያውቅም። ነጋዴውም ቤቱ አልነበረም። «ወደ አገራችሁ ሄዷል» አለች ሚስቱ። «እናንተም ድረሱ።» ምን ሊሠራ እንደሄደ እናቴ አልጠየቀችም።

ከቤታችን የደረስነው ወደ ማታ ነው። ጎረቤቶቻችን ምድጃውን አንድደው፣ ቤቱን ጠርገው ጠበቁን። አንዷ የእናቴን እግር አጠበች፤ ሌላዋ ጎረሰች አልጎረሰች እያለች ታያት ነበር። ስለ ብርዱ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ አገው ፈረሶች ጠየቁን። እናቴ የቀረበላትን ሁሉ በላች። ሰዎቹ እንደወጡ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅሽን አገኘሽው ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም» አለች።

ጋቢውን ዘርግታ ለበሰችው።

ጎህ ሲቀድ ደጃችን በሰው ሞላ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ከፊት ቆሞ ቃሉን ተናገረ። እናቴ እንደ ሥርዓቱ ጮኸች፤ ሰዎች ያዟት። ነጋዴው ከአጥሩ አጠገብ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሞ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ እሱ ሄደች።

«ዳንግላ ድረስ?» አለችው።

«እንዴት ብዬ በቤቴ፣ እትየ? እንዴት ብዬ?»

«ለእርስዎ ቤት ከበደና፣ ለእኔ መንገዱ ቀለለ?»

ነጋዴው ሰልስቱ እስኪወጣ አብሮን ተቀመጠ፤ ከቡሬ ያመጣውን ዱቄትም ክርስቲያን ሴቶች እንዲጋግሩት ሰጠ። እናቴ አልተቀየመችውም፤ በኋላም ገበያ ላይ ሲገናኙ ትስመው ነበር። በእሱ ቦታ ብትሆን እሷም እንደዚያው ታደርግ እንደነበር ነግራኛለች። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ወንድሜ የተሰቀለው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት መሆኑን፣ እርስ በርሳቸው ከማይተዋወቁ ሰዎች አረጋግጫለሁ። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ እናቴ እሱ የተቀበረበትን ቦታ አይቼ እንድነግራት ወደ ቡሬ ላከችኝ። ሬሳውን ያወረዱትን ሰዎች አላገኘኋቸውም። ያን ጊዜ እዚያ ነበርን ካሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ከምሽጉ በስተሰሜን ያለውን ቁልቁለት፣ ሌላው ወደ ፈጠም ወንዝ የሚወርደውን ሜዳ አመለከተኝ። ሁለቱም ቦታዎች ታርሰው ዳጉሳ በቅሎባቸው ነበር።